ኦበርን፦ ከ3 ድል ወደ ዋንጫው ደጃፍ

ኦበርን አላባማ ውስጥ የሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከአትላንታ በኢንተርስቴት 85 ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲነዱ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ አትላንታና ክላርክስተን ለሚኖሩ ሐበሾች ሩቅ አይደለም። ከተማዋ ትንሽ ናት። ስታዲየሟ ጆርዳን-ሄር ግን ከ87 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። እዚህ ፉትቦል የምለው በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን፣ ሞላላ ኳስ ያለውን የአሜሪካ ጨዋታ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 በኳርተርባኩ (ማጥቃቱን በሚመራውና ኳሱን በሚወረውረው ተጫዋች) በካም ኒውተን እየተመራ 14 ጨዋታ ተጫውቶ 14ቱንም አሸነፈና የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በ2012 ግን ከ12 ጨዋታ ያሸነፈው 3 ብቻ ነበር። ኤስኢሲ በሚባለው የራሱ ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ምድብ) ውስጥ 8 ተጫውቶ በ8ቱም ተሸነፈ። የመጨረሻው ሽንፈት ከሁሉም ይከፋል፤ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ 49 ለ 0። ኦበርንና አላባማ ማለት እንደኛ ጊዮርጊስና ቡና ናቸው፤ ቤተሰብ ሳይቀር ለሁለት ይከፍላሉ። ዋንጫውን ያመጣው አሰልጣኝ ጂን ቺዚክ በማግስቱ ተሰናበተ።

ብዙ ሰው ያኔ ቡድኑ ተጫዋች የለውም ብሎ ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። ኦበርን ከ2010 እስከ 2012 ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመለመላቸው ልጆች በየዓመቱ ከአገሪቱ ምርጥ አሥሮቹ ተርታ የሚመደቡ ነበሩ። የተበላሸው አጨዋወቱ ነው። የዋንጫውን ማጥቃት የቀመረው ረዳት አሰልጣኝ ጋስ ማልዛን ከ2011 በኋላ ወደ አርካንሳስ ስቴት ሄደ። በፍጥነት ለመጫወት የተመለመሉት ልጆች በ2012 ዝግ ወዳለ፣ ፕሮፌሽናሎቹን ወደሚመስል አጨዋወት እንዲገቡ ተደረገ። አልሆነላቸውም። በዚያ ላይ አስተማማኝ ኳርተርባክ አልነበራቸውም።

በታኅሣሥ 2012 ማልዛን ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። ቀጥሎ ኒክ ማርሻል መጣ። ማርሻል ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ተከላካይ ነበር፤ ከዚያ ተባርሮ ካንሳስ በሚገኝ የሁለት ዓመት ኮሌጅ በኳርተርባክነት ተጫውቷል። ሯጭ ነው። ለማልዛን አጨዋወት ደግሞ የሚያስፈልገው እሱ ነበር። ኳርተርባኩ ኳሱን አጠገቡ ላለው ሯጭ እንደሚሰጥ ሆኖ እጁን ይዘረጋና ዓይኑን አንድ ተከላካይ ላይ ይተክላል። ተከላካዩ ወደ ሯጩ ካዘነበለ ኳሱን ራሱ ይዞ በሌላው በኩል ይወጣል። ባለበት ከቆመ ደግሞ ይለቅለታል። ተከላካዩ ምንም ቢመርጥ ስህተት ነው። ሯጩ ትሬ ሜሰን በዚያ ዓመት በሩጫ 1,816 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ሸፈነ፤ ኦበርንም በሩጫ ከአገሪቱ አንደኛ ወጣ።

የደጋፊው ተስፋ ገና በጸደይ ነው የታየው። በሚያዝያ 2013 ቡድኑ እርስ በርሱ የሚጫወተውን የልምምድ ግጥሚያ ለማየት 83,401 ሰው ስታዲየም ገባ። ያ ሁሉ ሰው 3 ጨዋታ ብቻ ላሸነፈ ቡድን ነው የወጣው! የስንብት ቀንም ነበር። የኦበርን ሰው ቡድኑ ሲያሸንፍ ቱመርስ ኮርነር ሄዶ ሁለቱ ትልልቅ የኦክ ዛፎች ላይ ሶፍት ይወረውራል። ከ2010ሩ የኦበርንና የአላባማ ጨዋታ በኋላ አንድ የአላባማ ደጋፊ ዛፎቹን መርዟቸው ሊድኑ አልቻሉም። ከዚያ ግጥሚያ በኋላ ሕዝቡ ለመጨረሻ ጊዜ በሶፍት ሸፈናቸው፤ በቀናት ውስጥ ተቆረጡ።

ውድድሩ ሲጀመር ሁሉም ነገር ወዲያው አልተስተካከለም። በመስከረም ሚሲሲፒ ስቴትን 24 ለ 20 ያሸነፉት ማርሻል 10 ሰከንድ ሲቀር በወረወረው ኳስ ነው። በኮንፈረንሱ 10 ተከታታይ ሽንፈት ያበቃው ያን ቀን ነው፤ ለእኔ የዓመቱ ቁልፍ ጨዋታም እሱ ነው። በሳምንቱ በኤልኤስዩ (በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) 35 ለ 21 ተረቱ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን በሜዳው 45 ለ 41 አሸነፉ። ጆርጂያን 43 ለ 38 ያሸነፉት በሁለት ተከላካዮች መካከል ተነካክቶ ሪካርዶ ሉዊስ እጅ በገባ ኳስ ነው።

ኅዳር 30 ቀን 2013 አንደኛ ደረጃ ላይ የነበረው አላባማ ጆርዳን-ሄር መጣ። 32 ሰከንድ ሲቀር ኦበርን 28 ለ 28 አደረገ። አላባማ አንድ ሰከንድ እንዲጨመርለት ጠየቀና ተፈቀደለት፤ ለማሸነፍ ከ57 ያርድ ወደ ጎሉ በእግር መታ። ኳሱ አጠረ። ክሪስ ዴቪስ ከጎሉ ሥር ቀለበውና በግራ መስመር ይዞት እስከ ሌላኛው የሜዳ ጫፍ በረረ። ለመምታት የቆሙት የአላባማ ተጫዋቾች ግዙፍና ከባድ ስለነበሩ ሊደርሱበት አልቻሉም። 34 ለ 28። ደጋፊው ሜዳውን አጥለቀለቀው።

በሳምንቱ ሚዙሪን 59 ለ 42 አሸንፈው የኮንፈረንሱን ዋንጫ ወሰዱ፤ ሜሰን ብቻውን 304 ያርድ ሮጠ። ጥር 6 ቀን 2014 ካሊፎርኒያ ላይ በተደረገው የአገር አቀፍ ፍጻሜ ግን ፍሎሪዳ ስቴት 13 ሰከንድ ሲቀር አግብቶ 34 ለ 31 ረታቸው። በ12 ድልና በ2 ሽንፈት ጨረሱ።

ማልዛን እስከ 2020 ቆየ። ከ2021 እስከ 2024 ደግሞ ኦበርን በአራቱም ዓመት ካሸነፈው ይልቅ የተሸነፈው በዛ። ዛሬ ቡድን ከውድቀት የሚነሳበት መንገድ ተቀይሯል። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋች ዩኒቨርሲቲ ሲቀይር አንድ ዓመት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ቀርቶለታል። በ2023 እንደ ኦበርን 3 ብቻ አሸንፎ 9 የተሸነፈው ኢንዲያና አሰልጣኝ ቀይሮ፣ ከሌላ ቦታ ብዙ ተጫዋች አምጥቶ በ2024 11 ጨዋታ አሸንፏል። የ2013ቱ ኦበርን ግን የተነሳው በአብዛኛው እዚያው በነበሩት፣ 49 ለ 0 በተሸነፉት ልጆች ነው።