«ከረንት አፌርስ» ምንድን ነው? የህንድ ተፈታኞች ዜና የሚያነብቡበት መንገድ

እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2022 በመላው ህንድ ለሲቪል ሰርቪስ (የመንግሥት ሠራተኞች መመልመያ) ቅድመ ማጣሪያ ፈተና የተቀመጡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ከመቶዎቹ ጥያቄዎች መካከል አንዱን እንዲህ ሆኖ አገኙት። በአንድ ወገን ስማቸው በዜና የሚነሣ አራት አካባቢዎች፣ በሌላው ወገን ደግሞ አካባቢዎቹ ይገኙባቸዋል የተባሉ አገሮች ተደርድረዋል፦ አናቶሊያ ከቱርክ፣ አማራ ከኢትዮጵያ፣ ካቦ ዴልጋዶ ከስፔን፣ ካታሎኒያ ከጣሊያን። ከእነዚህ ውስጥ በትክክል የተጣመሩት ስንት ናቸው? መልሱ ሁለት ነው። ካቦ ዴልጋዶ የሞዛምቢክ፣ ካታሎኒያ ደግሞ የስፔን ግዛት ነው። በቀጣዩ ዓመት በተሰጠው ፈተና ዶንባስ ከሶሪያ፣ ካቺን ከኢትዮጵያ፣ ትግራይ ከ«ሰሜን የመን» ጋር ተጣምረው ቀረቡ። ሦስቱም ስሕተት ነበሩ፤ ዶንባስ በዩክሬን፣ ካቺን በምያንማር፣ ትግራይ በኢትዮጵያ ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች ያነበበ ኢትዮጵያዊ ዝም ብሎ ሊያልፋቸው አይችልም። ለእኛ የወገን ሞትና ስደት የሆነ ስም፣ በህንድ ከተሞች በፓትና ወይም በጃይፑር ላለ ተፈታኝ ሁለት ነጥብ የሚያስገኝ ወይም የሚያሳጣ መስመር ሆኖ ተቀምጧል። ነገሩ ልብ ይነካል። ሆኖም ጥያቄው የመጣው ከንቀት አይደለም። አንድ ቀን በህንድ ቢሃር ግዛት አንድ አውራጃ የሚያስተዳድር ወይም በአዲስ አበባ የአገሩ ኤምባሲ የሚመደብ ወጣት የዓለምን ሁኔታ ይከታተል እንደሆነ ለማወቅ የተዘጋጀ ነው። ይህ የዕውቀት ክፍል በህንድ «ከረንት አፌርስ» ይባላል።

በሂንዲ «ሳምሳማይኪ» ይሉታል። በአማርኛ «ወቅታዊ ጉዳዮች» ብንለው አንሳሳትም፤ ነገር ግን ቃሉ እዚያ የተሸከመውን ሁሉ አያደርስልንም። እኛ ወቅታዊ ጉዳይ ስንል ሰሞኑን የሚወራውን ማለታችን ነው። በህንድ የፈተና ዓለም ግን ከረንት አፌርስ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው። መምህር፣ ደብተር፣ ወርኃዊ መጽሔት፣ የክለሳ ፕሮግራም አለው። የጊዜ ወሰንም አለው፤ ተፈታኞች አብዛኛውን ጊዜ ከፈተናው ቀን ወደ ኋላ አንድ ዓመት ወይም አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይሸፍናሉ። ከእሱ ጎን የሚቆመው «ስታቲክ» የሚሉት ነው፤ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ሕገ መንግሥት፣ የኢኮኖሚ መሠረተ ሐሳቦች፣ በአጭሩ ከዓመት ዓመት ብዙም የማይለወጠው ዕውቀት። በእኔ እምነት የጉዳዩ ቁልፍ ያለው በእነዚህ በሁለቱ መገናኛ ላይ ነው። ጎበዝ ተፈታኝ የሚታወቀው ባነበበው ዜና ብዛት ሳይሆን፣ አንድ ዜና ሲሰማ የትኛውን የስታቲክ ምዕራፍ መግለጥ እንዳለበት በማወቁ ነው።

ነገሩን ከሰፈራችን በተነሣ ዜና ላሳይ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ የአፍዴራን አካባቢ ሸፈነ፤ ከዚያም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን አልፎ በማግስቱ ምሽት የዴልሂ ሰማይ ደረሰ። የህንድ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ። ተራ አንባቢ «የኢትዮጵያ እሳተ ገሞራ አመድ ዴልሂ ገባ» ብሎ ተደንቆ ያልፋል። ተፈታኙ ግን ደብተሩን ይከፍታል።

መጀመሪያ ቦታውን ይፈልጋል። ሃይሊ ጉቢ በኤርታሌ ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ ላይ ነው። አፋር ደግሞ የአፍሪካ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ የመሬት ቅርፊቶች እርስ በርስ የሚራራቁበት የሦስትዮሽ መጋጠሚያ ነው፤ ስለዚህ የታላቁን ስምጥ ሸለቆ ምዕራፍ ይከልሳል። ቀጥሎ፣ አመዱ ለምን ወደ ምሥራቅ ሄደ? በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነጉደው ፈጣን ነፋስ፣ ጄት ስትሪም የሚባለው፣ ተሸክሞት ነው። በብርዱ ወቅት ለሰሜን ምዕራብ ህንድ ዝናብ የሚያመጡት የምዕራብ የአየር መዛባቶችም ከዚሁ ነፋስ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ይህ ደግሞ የስንዴ ምርትን ይነካል። ከዚያ፣ አመድ ለአውሮፕላን ለምን ያሰጋል? ደቃቅ የመስታወትነት ጠባይ ያለው ብናኝ በሞተሩ ሙቀት ቀልጦ ስለሚጣበቅ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚሰጠውስ ማን ነው? በዓለም ዙሪያ ዘጠኝ የእሳተ ገሞራ አመድ መከታተያ ማዕከላት አሉ፤ የአፍሪካው ክፍል በፈረንሳይ ቱሉዝ ባለው ማዕከል ሥር ነው። ማዕከላቱ የሚሠሩት በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ማዕቀፍ ውስጥ ነው፤ ድርጅቱ የተመሠረተው በ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ ሞንትሪያል ነው። በመጨረሻ ወደ አገሩ ይመለሳል። ህንድ በሥራ ላይ ያለ እሳተ ገሞራ አላት ወይ? አላት፤ በአንዳማን ባሕር የሚገኘው ባረን ደሴት ነው። የአንዳማንና ኒኮባር ዋና ከተማ ፖርት ብሌርስ? በሴፕቴምበር 2024 ስሟ ስሪ ቪጃያ ፑራም ተብሏል።

አንድ ዜና፣ አንድ ገጽ ተኩል ማስታወሻ። ጥያቄ አውጪው «ሃይሊ ጉቢ የት ነው?» ብሎ ላይጠይቅ ይችላል፤ ባረን ደሴትን ወይም ጄት ስትሪምን ግን ሊያነሣ ይችላል። እንዲህ የተነበበ ዜና ከፈተናው በኋላም ከሰው ጋር ይቀራል።

ከአገር ውስጥም አንድ እንውሰድ፤ ይኸኛው ይበልጥ ጥልቅ ነው። በሴፕቴምበር 2023 የህንድ ፓርላማ በታችኛው ምክር ቤት በሎክ ሳብሃና በግዛት ምክር ቤቶች ከመቀመጫው አንድ ሦስተኛው ለሴቶች እንዲሆን ወሰነ። ረቂቁ 128ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ረቂቅ ይባል ነበር፤ ሕግ ሆኖ ሲወጣ ግን 106ኛው ማሻሻያ ሆነ። የረቂቅና የሕግ ቁጥር ለየብቻ ስለሚቆጠሩ ነው፤ ይህን ያላስተዋለ ተፈታኝ ይሳሳታል። ሕጉ ለላይኛው ምክር ቤት ለራጅያ ሳብሃ አይሠራም። ሲወጣም ተፈጻሚነቱ ከሕጉ በኋላ ከሚደረግ የሕዝብ ቆጠራና ቆጠራውን ተከትሎ ከሚካሄድ የምርጫ ክልሎች አከላለል ጋር ታሰረ። ቆጠራው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የመጨረሻው የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ የ2021ዱ ሳይደረግ ቀረ፤ መንግሥት በ2025 ቀጣዩ በ2027 እንደሚሆን አስታወቀ። የምርጫ ክልል አከላለሉማ የባሰ ነው። የግዛቶች የሎክ ሳብሃ መቀመጫ ድርሻ በ1971 የሕዝብ ብዛት ላይ እንደ ቆመ ነው፤ እነ ኬራላና ታሚል ናዱ የወሊድ ምጣኔያቸውን በመቀነሳቸው በአዲስ ድልድል ድርሻቸው እንዳያንስ ይሰጋሉ። ከሴቶች መቀመጫ የተነሣ አንባቢ የፌዴራሊዝም እምብርት ላይ ደረሰ ማለት ነው። የፌዴራል ሥርዓትና የተጓተተ የሕዝብ ቆጠራ ባለበት አገር የምንኖር እኛም ይህን ስናነብብ የሚያስታውሰን ነገር አለ።

ይህ ሁሉ ትጋት ወደ ምን እንደሚያመራ ቁጥሩ ይናገራል። ፈተናውን የሚያወጣው የኅብረቱ የመንግሥት አገልግሎት ኮሚሽን፣ በምህጻሩ ዩፒኤስሲ፣ በ1926 የተመሠረተ ተቋም ነው። በ2024ቱ የሲቪል ሰርቪስ ፈተና 992,599 ሰዎች አመለከቱ፤ 583,213 ለቅድመ ማጣሪያው ተቀመጡ፤ 14,627 ወደ ዋናው የጽሑፍ ፈተና አለፉ፤ 2,845 ለቃል ፈተና ተጠሩ፤ በመጨረሻ የተመረጡት 1,009 ናቸው። በቅድመ ማጣሪያው የጠቅላላ ዕውቀት ወረቀት መቶ ጥያቄዎች በሁለት ሰዓት ይመለሳሉ። ትክክለኛው መልስ ሁለት ነጥብ ያስገኛል፤ ስሕተቱ የጥያቄውን ነጥብ አንድ ሦስተኛ ያስቀንሳል። ስለዚህ በግምት ማጥቆር ዋጋ ያስከፍላል።

ጥያቄዎቹ የሚቀርቡበትም መንገድ ከብዷል። ቀደም ሲል «1ኛውና 2ኛው ብቻ» የሚሉ ምርጫዎች ስለነበሩ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሐሰት መሆኑን ያወቀ ሰው ሁለት ሦስት ምርጫ መጣል ይችል ነበር። «ስንቱ ትክክል ነው?» ሲባል ግን ግማሽ ዕውቀት ዋጋ የለውም። የአማራንና የአናቶሊያን ቦታ አውቆ ካቦ ዴልጋዶን ያላወቀ ተፈታኝ፣ ምንም ካላወቀው ብዙም አልተሻለም። ይህን አጠያየቅ ፍትሐዊ ነው ለማለት እቸገራለሁ።

ለባንክ፣ ለባቡር መሥሪያ ቤትና ለመካከለኛ የመንግሥት ሥራ በሚሰጡት ፈተናዎች ከረንት አፌርስ ቀለል ያለ መልክ አለው፤ ማን ተሾመ፣ ጉባኤው የት ተካሄደ፣ ዋንጫውን ማን ወሰደ የሚል የአንድ መስመር ጥያቄ ይበዛበታል። እዚያ ሽምደዳ ያዋጣል።

ገበያው የተስፋፋው በዚሁ በሽምደዳው በኩል ነው። በዴልሂ ኦልድ ራጂንደር ናጋርና ሙከርጂ ናጋር የሚባሉት ሰፈሮች በማሠልጠኛ ተቋማት፣ በጠባብ የኪራይ ክፍሎችና በፎቶ ኮፒ ቤቶች የተሞሉ ናቸው። የወሩ ዜና ተጨምቆ በጥራዝ ይሸጣል። ጊዜ ላጠረው ተፈታኝ ጥራዙ እንደሚረዳ አልክድም። ግን ዜናውን ከሥሩ ነቅሎ ስምና ቁጥር ብቻ ሲያስቀር፣ የሃይሊ ጉቢ ታሪክ «አገር፦ ኢትዮጵያ፤ ክልል፦ አፋር» ሆኖ ይቀራል። ያን የተማረ ወጣት ጄት ስትሪም ሲጠየቅ ምን ይመልሳል? ከክፍያውና ከድካሙ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ከሁሉም የከፋው ግን በጁላይ 27 ቀን 2024 ሆነ። በኦልድ ራጂንደር ናጋር አንድ ማሠልጠኛ ምድር ቤት ውስጥ ባለ ቤተ መጻሕፍት የዝናብ ጎርፍ ገብቶ ሦስት ተማሪዎች ሞቱ። ለፈተና ሲያነብቡ የነበሩ ልጆች ራሳቸው የአገሪቱ ዜና ሆኑ።

ብዙ ያለፉ ተፈታኞች የሚሄዱበት መንገድ ከዚህ ቁጥብ ነው። ከእንግሊዝኛ ጋዜጦች አንዱን፣ ብዙ ጊዜ «ዘ ሂንዱ»ን ወይም «ኢንዲያን ኤክስፕረስ»ን ይይዛሉ። የመንግሥትን መግለጫ ከመንግሥት የፕሬስ ቢሮ ያያሉ። «ዮጃና» የተባለውን የመንግሥት ወርኃዊ መጽሔት ይጨምራሉ። የወንጀል ዜናንና የፓርቲ ንትርክን ያልፋሉ፤ የፍርድ ቤት ውሳኔን፣ በፌብሩዋሪ 1 የሚቀርበውን በጀት፣ ዓለም አቀፍ ስምምነትን፣ የአካባቢ ጥበቃን አያልፉም። ማስታወሻቸውንም በቀን ቅደም ተከተል ሳይሆን በርዕስ ይይዛሉ። ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 የብሪክስ አባል ስትሆን ዜናው የገባው «ብሪክስ» በሚለው ገጽ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ደቡብ አፍሪካ እንድትቀላቀል ከተጋበዘችበት መስመር ቀጥሎ ነው።

ዋናው የጽሑፍ ፈተና ላይ ሲደረስ የአንድ መስመር ዕውቀት አያወጣም። እዚያ የሚፈለገው ሐተታ ነው። ከዚያም የቃል ፈተናው አለ፤ 275 ነጥብ ይይዛል። ተፈታኙ ከጥቂት አባላት ፊት ይቀመጣል፤ አባላቱም ስለ ትውልድ ስፍራው፣ ስለ ተማረው ትምህርት፣ ስለ ሰሞኑ ዜና ይጠይቁታል። ከታሚል ናዱ የመጣችው ወጣት ስለ ምርጫ ክልል አከላለል ስትጠየቅ፣ ጥያቄው ግዛትዋ ሊያጣው የሚችለው መቀመጫ ነው። ከቢሃር የመጣው ወጣት ይኸው ሲቀርብለት፣ ጥያቄው ሕዝቡ በበዛበት ግዛት የአንድ ዜጋ ድምፅ ለምን ያነሰ ይመዝናል የሚል ነው። ሁለቱም ያንኑ ጋዜጣ አንብበዋል። አባላቱ የሚጠብቁት፣ እያንዳንዳቸው የሌላውን ግዛት ሥጋት በራሳቸው አንደበት አስተካክለው መናገር መቻላቸውን ነው።