ወደ ደራሲያን ኮንፈረንስ ስትሄዱ ወረቀቱን ቤት ተዉት

አሜሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለማሳተም ያሰበ ሰው፣ ውሎ አድሮ «ኮንፈረንስ ሂድ» መባሉ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ሆቴል ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን የሚካሄድ ስብሰባ ነው። ደራሲያን ያስተምራሉ፣ አርታኢዎች ይናገራሉ። የደራሲ ወኪል ሆኖ መጽሐፉን ለአሳታሚ ከሚሸጠው ኤጀንት ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መጽሐፍን የማስተዋወቂያ ቀጠሮም አለ። ቀጠሮው ብዙ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ከሲልቨር ስፕሪንግ 400 ገጽ ወረቀት በቦርሳ ተሸክሜ ነው። ትከሻዬ ሳምንቱን ሲጠዘጥዘኝ ከረመ። ዛሬ ለመሄድ የሚሰናዱ ልጆች ሲያማክሩኝ የምሰማው ሁሉ ያኔ እኔው ራሴ ስለው የነበረው ነው።

«ረቂቁን በእጃቸው ካልሰጠኋቸው ማን ያምነኛል?»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ኤጀንቷ ፈገግ አለች። በጣቷ እንኳን አልነካችውም። ሃያ ሰው ሃያ ጥራዝ ቢያሸክማት አውሮፕላን ላይ ምን ልታደርገው ነው? ከተመቻት «የመጀመሪያውን 10 ገጽ በኢሜይል ላክልኝ» ትላለች። ወይም 50። ስለዚህ የሚዘጋጀው ፋይሉ ነው። ታይምስ ኒው ሮማን፣ መጠኑ 12፣ ደብል ስፔስ፣ ዙሪያውን 1 ኢንች ኅዳግ፣ በየገጹ አናት ላይ የአባት ስም፣ ርዕስና የገጽ ቁጥር። ጌጠኛ ፊደልና በራሳችሁ የተሠራ ሽፋን ይቅር። ለእናት የተጻፈው መታሰቢያም ይቆይ፤ መጽሐፉ ሲታተም ይገባል።

«ሐሳቡን ከወደዱት ያኔ እጨርሰዋለሁ»

ይሄ እንደ መጽሐፉ ነው። ስለ ቡና ንግድ ወይም ስለ ስኳር በሽታ የምትጽፉ ከሆነ፣ እውነትም ሳያልቅ በፕሮፖዛል ሊሸጥ ይችላል። ናሙና ምዕራፎች፣ የምዕራፎቹ ዝርዝር፣ ማን እንደሚገዛው የሚያስረዳ ጽሑፍ ይበቃል። የመጀመሪያ ልብ ወለድ ግን ማለቅ አለበት። ማለቅ ማለት ደግሞ የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ማድረግ አይደለም። በሰው ተነቦ፣ ተቆርጦ፣ እንደገና ተጽፎ ማለት ነው። ብዙዎቻችን የምንጽፈው የራሳችንን ታሪክ ነው፤ ስደቱን፣ ሱዳንን፣ ካምፑን። እሱም በእውነት የደረሰ ታሪክ ቢሆንም በአብዛኛው የሚታየው እንደ ልብ ወለዱ ነው። ጨርሱት።

«መጽሐፌ ባለ 400 ገጽ ነው»

እኛ በገጽ እንለካለን፣ እነሱ በቃል። ለመጀመሪያ ልብ ወለድ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ቃል የተለመደው ነው። መጀመሪያ በአማርኛ ጽፎ ወደ እንግሊዝኛ ለሚመልስ ሰው እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። «አልመጣችልንም» አንድ ቃል ናት። እንግሊዝኛው ስድስት ቃል ይፈልግባታል። የእኛ ግስ ማን እንደቀረች፣ ለማን እንደቀረች፣ አለመምጣቷንም ጭምር በአንድ ሆዱ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በአማርኛ 80 ሺህ የነበረው ረቂቅ ሲተረጎም ከ100 ሺህ አልፎ ይሄዳል። «200 ሺህ ቃል» የሚል መልስ የሰማ ኤጀንት ደግሞ «አልተቆረጠም» ብሎ ነው የሚረዳው። ከመሄዳችሁ በፊት የእንግሊዝኛውን ቁጥር እወቁ። ከበዛም ቁረጡ። ያማል፣ አውቃለሁ።

«ተከታይ ስለሌለኝ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም»

ፕላትፎርም የሚሉት ነገር፣ ማለትም ደራሲውን አስቀድሞ የሚያውቀውና የሚከተለው ሰው፣ ብዙዎችን ያስደነግጣል። መረጃ ሰጪ መጽሐፍ ለሚጽፍ ሰው በእርግጥ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ስኳር በሽታ የምትጽፍ ነርስ በሬዲዮ ምክር የምትሰጥ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እየተጋበዘች የምታስተምር ከሆነ፣ ፕላትፎርሟ እሱ ነው። ለልብ ወለድ ግን መጀመሪያ የሚታየው ጽሑፉ ነው። ቲክቶክ ላይ 30 ሺህ ተከታይ አለኝ ያለኝ ልጅ ነበር። ሁሉም በአማርኛ ቀልዱን የሚያዩ ናቸው። እንግሊዝኛ ልብ ወለድ ገዝተው ያነባሉ ወይ ስለው ዝም አለ።

ከተከታይ ቁጥር ይልቅ እኛን የሚጎዳን ስማችን ነው። ፀሐይን በላቲን ፊደል በቲ የሚጀምራት አለ፣ በኤስ የሚጀምራት አለ። ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ ፌስቡክ ላይ ሌላ፣ ኢሜይሉ ደግሞ «ሀበሻ ቦይ» ከነቁጥሩ። ኤጀንቷ ማታ ሆቴሏ ገብታ ስማችሁን ጎግል ብታደርግ ማንን ታገኛለች? የአባት ወይም የአያት ስም፣ አንዱን ምረጡና አጻጻፉን ወስኑ። ረቂቁ ላይም፣ ኢሜይሉም፣ ድረ ገጻችሁም ላይ ያው ይሁን። ገጹ ፎቶ፣ ሦስት መስመር ስለ ራስና አድራሻ ካለው ለጊዜው ይበቃዋል።

«ሐሳቤን ይሰርቁኛል»

አይሰርቁም። የአሜሪካ ሕግ ከ1978 ጀምሮ የጻፋችሁትን ከተጻፈበት ሰዓት አንስቶ ይጠብቃል። ጥበቃው ለአጻጻፉ እንጂ ለሐሳቡ አይደለም። በየገጹ የኮፒራይት ምልክት መለጠፍ ጀማሪነትን ከማሳበቅ በቀር ጥቅም የለውም።

«ኤጀንት ደላላ ነው፣ ቀብድ ይፈልጋል»

ደላላነቱ እንኳን ከእውነት አይርቅም። ግን የሚበላው ከሸጠ በኋላ ነው፤ አገር ውስጥ ሲሸጥ የተለመደው 15 በመቶ ነው። ለቀጠሮው ኮንፈረንሱ ሊያስከፍል ይችላል፣ እሱ ሌላ ነው። ኤጀንቱ ራሱ «ለማንበቢያ ክፈል» ካለ ግን ተነሡና ውጡ።

«ስለ ራስ መናገር ነውር ነው»

እኔን የጣለኝ ይሄ ነው። ያቺ ኤጀንት «ስለ ምንድነው?» ስትለኝ «እንዲያው ትንሽ ሞካክሬ ነው» አልኩ። እኛ ቤት ትሕትና ነው። እሷ ግን ቃል በቃል ወሰደችው። ቀጥሎ ከአያቴ ጀመርኩና ዋናው ሰውዬ ሳይወለድ ሰዓቱ አለቀ።

ለሁለተኛው ዓመት እዚህ የተወለደችውን የእህቴን ልጅ ፈታኝ አደረግኋት። ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ያግደዋል፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር። መጀመሪያ ስልኳን አወጣች። በሦስተኛው ቀን «ሰውዬው ግን ምን ፈልጎ ነው?» አለች። እኔም አልመለስኩላትም፣ ሄጄ ጻፍኩት። ሳምንት ቆይቼ ደግሜ ነገርኳትና አፌን ዘጋሁ። ስልኳን አስቀመጠችና «ከዚያስ?» አለችኝ። በዚያው ምሽት የቀጠሮውን ከፈልኩ።