ያለመከሰስ መብት፦ ከሰሜን ሸዋ እስከ ፓርላማ

ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ ወይም ከምንጃር ተመርጦ ፓርላማ የሚገባ ሰው ሁለት የሕግ ከለላ አለው። ሁለቱም የሰፈሩት በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ላይ ነው። ሰዉ ደርቦ «ያለመከሰስ መብት» ይላቸዋል እንጂ አንድ አይደሉም። (በፍቼ በኩል ላለው የኦሮሚያው ሰሜን ሸዋም ሕጉ ያው ነው።)

የመጀመሪያው የንግግር ከለላ ነው። አባሉ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም። አስተዳደራዊ እርምጃም አይወሰድበትም። የጅሩ ገበሬ ማዳበሪያ በሰዓቱ ካልደረሰው፣ ወኪሉ ሚኒስትሩን ፊት ለፊት «ለምን?» ማለት አለበት። ነገ ምን ይመጣብኛል ብሎ ከፈራ ጥያቄውን ይውጠዋል። የሚጎዳው ገበሬው ነው። ስለዚህ ይህን መብት የመራጩ ንብረት አድርጌ ነው የማየው። ሕጉም አባሉ ተገዥ የሚሆነው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ ነው ይላል። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ የለም።

ሁለተኛው ከእስር የሚጠብቅ ነው። አባሉ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር፣ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፤ በወንጀልም አይከሰስም። ይህን ምክር ቤቱ ሊያነሳው ይችላል። የንግግሩ ከለላ ላይ ግን «በምክር ቤቱ ፈቃድ» የሚል ቀዳዳ አልተተወም።

አባሉ በእረፍት ጊዜ ደብረ ብርሃን መጥቶ መራጮቹን ሲያወያይስ? የአንቀጹ ቃል የምክር ቤት ስብሰባን ነው የሚጠቅሰው። እዚህ ያለው ከለላ እንደ ማንኛውም ዜጋ አንቀጽ 29፣ ማለትም ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብት ነው። ሕዝቡ አጥብቆ የሚፈልገው ንግግር ደግሞ ይሄኛው ስለሆነ ነገሩ ያሳስበኛል።

ከለላው አዲስ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ለእንደራሴዎች ሰጥቶ ነበር። ከእስር የሚጠብቀው ግን ጉባኤው በተቀመጠበት ጊዜ ብቻ ነበር።

በቅርቡ የፓርላማ አባሉ አቶ ክርስቲያን ታደለ የታሰሩት በ2015 ክረምት፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ነው። ምክር ቤቱ ከለላቸውን ያነሳው በ2016 ዓ.ም. ነው። አንቀጹ ግን ፈቃዱን ያስቀደመው ከመያዝ በፊት ነው።

አንድ ነገር ከሁለቱም ከለላዎች ውጭ ነው። የአንኮበር መራጭ በወኪሉ ላይ አመኔታ ካጣ፣ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ ሊያወርደው ይችላል።