ስለ ያኩቲያ ደን የሚባለውና እውነታው

በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ የምትገኘው ያኩቲያ፣ በይፋ ስሟ የሳካ ሪፐብሊክ፣ ከሩሲያ ግዛቶች በስፋት አንደኛ ናት። ስፋቷ ወደ 3.1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ኢትዮጵያን ሦስት ጊዜ ገደማ ታህላለች። የሕዝቧ ቁጥር ግን አንድ ሚሊዮን ያህል ነው። አብዛኛው ምድሯ ታይጋ በሚባለው የሰሜን ደን ተሸፍኗል። ስለዚህ ደን የሚነገሩት ስህተቶች በብዛት የሚመነጩት ከዛፎቹ ሥር ያለውን የበረደ መሬት ካለማሰብ ነው።

«ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው»

ብርዱ እውነት ነው። በዋና ከተማዋ በያኩትስክ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። የጁላይ አማካይ ግን 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ30 የሚያልፍበት ቀንም አለ። ቬርኾያንስክ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1892 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ከዜሮ በታች 67.8 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ እዚያው በጁን 2020 ሙቀቱ 38 ዲግሪ ደረሰ። ለዘብ ያለው የአትላንቲክ አየር እዚህ ድረስ አይዘልቅም፣ የፓስፊኩን ደግሞ ተራሮች ይጋርዱታል፤ ስለዚህ ብርዱም ሙቀቱም ልጓም የለውም።

«ያን ያህል ደን ካለ ዝናቡም ብዙ ነው»

ያኩትስክ በዓመት የምታገኘው የዝናብና የበረዶ መጠን 240 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሌላ አገር ቢሆን ይህ ሣር እንጂ ደን አያበቅልም። ደኑን ያቆመው ፐርማፍሮስት፣ ማለትም ከዓመት ዓመት የማይቀልጠው የበረደ መሬት ነው። በሙቀቱ ወራት የሚቀልጠው የላይኛው ሜትር ወይም ሁለት ሜትር ብቻ ስለሆነ ውኃው ወደ ታች አይሰርግም፤ ዛፎቹ የሚጠጡት ያንኑ ነው። ፊዮዶር ሼርጊን የሚባል ነጋዴ በ1828 ያኩትስክ ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። በ1837 ቁፋሮው 116 ሜትር ላይ ሲቆም መሬቱ አሁንም የበረደ ነበር።

«የሰሜን ደን ቅጠሉን አያረግፍም»

እዚህ የሚበዛው ላርች ነው። ዝርያው ከጥድ ወገን ቢሆንም በመኸር ወርቃማ ሆኖ መርፌ መሳይ ቅጠሉን ያራግፋል።

«ደኑ ቢጨፈጨፍም መልሶ ይበቅላል»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ዛፎቹና ከሥራቸው ያለው ወፍራም ሽበት (አፈሩ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ አጭር አረንጓዴ ተክል) በረዷማውን መሬት እንደ ጋቢ ሸፍነው ከፀሐይ ይከላከሉታል። ባታጋይ በምትባል መንደር አቅራቢያ በ1960ዎቹ ደን ሲመነጠር መሬቱ ተራቆተ፤ በውስጡ የነበረው በረዶ ቀለጠ፣ አፈሩም ይሰምጥ ጀመር። ዛሬ እዚያ ያለው ገደል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጠርዙም በየዓመቱ እየተናደ ወደ ደኑ ይገፋል። እሳትም ሽበቱን አቃጥሎ ሲጨርስ ያንኑ አደጋ ያመጣል። በ2021 ያኩቲያ ውስጥ ከ8 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ተቃጥሏል።

«ሀብቷ እንጨት ነው»

ላርች በዚህ ብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ እርጥቡ ግንድ ደግሞ ስለሚከብድ በወንዝ ሲሰድዱት ይሰምጣል። የኢኮኖሚው ምሰሶ ያለው ከመሬት በታች ነው። በ1955 ሚር የተባለው የአልማዝ ክምችት ተገኝቶ ሚርኒ ከተማ ተቆረቆረች፤ ክፍት ማዕድኑ 525 ሜትር ጠልቋል። ከሩሲያ አልማዝ አብዛኛው የሚወጣው ከዚህ ግዛት ነው። ወርቅና የድንጋይ ከሰልም አለ፤ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ቻያንዳ ከሚባለው ክምችት የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ ወደ ቻይና ይሄዳል። የሚከብደው መጓጓዣው ነው። ያኩትስክ ለዘመናት የኖረችው ያለ ድልድይ ነው፦ በብርዱ ወራት መኪና በሌና ወንዝ በረዶ ላይ ይነዳል፣ በሙቀቱ በጀልባ ይሻገራል፤ በረዶው በሚሰነጠቅበትና በሚጋገርበት ሰሞን ግን ሁለቱም አይሆንም።

«ሕዝቡ አዳኝና አጋዘን አርቢ ብቻ ነው»

ኤቨንኪና ኤቨን የሚባሉት ሕዝቦች በእርግጥ የሰሜን አጋዘን ያረባሉ። ሪፐብሊኩ በስማቸው የተጠራላቸው ሳካዎች ግን በባህላቸው ከብትና ፈረስ አርቢዎች ናቸው። ፈረሶቻቸው የብርዱን ወራት ደጅ ውለው ያድራሉ፤ በረዶውን በኮቴያቸው ዝቀው ከሥሩ ሣር ይግጣሉ። ለላሞቹ ድርቆሽ የሚታጨደው አላስ ከሚባሉት ክብ ሜዳዎች ነው። እነዚህ ሜዳዎች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በረዶው ቀልጦ መሬቱ በሰመጠበት፣ ሐይቅ ሆኖ በደረቀበት ቦታ የተፈጠሩ ናቸው። ያ ቀስ ብሎ የሆነ ነገር አሁን እየፈጠነ ነው። ቹራፕቻ በምትባል መንደር አካባቢ ደኑ ተመንጥሮ ሜዳ የነበረው መሬት ጉብታ በጉብታ ሆኗል፤ በጉብታዎቹ መካከል ያለው አፈር እየሰመጠ ስለሆነ ማጨጃ ማሽን አያስገባም።