በጎጃም በስልክ የሚደረግ የማስታገሻ ሕክምናና የፋርማሲስቱ ድርሻ

የማስታገሻ ሕክምና ወይም ፓሊየቲቭ ኬር ካንሰርን በመሰለ ከባድ በሽታ የተያዘ ሰው ሥቃዩ እንዲቀልለት የሚደረግ ክትትል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት 56.8 ሚሊዮን ሰዎች ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት ግን 14 በመቶ ገደማ ናቸው። ኢትዮጵያ ብሔራዊ መመሪያ ያወጣችው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። በጎጃም ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ነው። ሞጣ ወይም ጮቄ ሥር አልጋ ላይ ለዋለ ሰው መንገዱ ራሱ ሌላ ሥቃይ ነው። የርቀት ሕክምና የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ስለ ፋርማሲ ሥራ ሲወራ ደብረ ማርቆስ ስሟ ቀድሞ ይነሳል፤ ይገባታልም። ዛሬ በሀገሪቱ ብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራበት ኤፒቲኤስ የተባለው የመድኃኒት አሠራር መጀመሪያ የተሞከረው በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ነው። መድኃኒቱ ከመጋዘን ወጥቶ ሕመምተኛው እጅ እስኪገባ በሰነድ ይያዛል። ለከባድ ሥቃይ እንደሚሰጠው ሞርፊን ያለ ጥብቅ ቁጥጥር የሚሻ መድኃኒት ያለዚህ ዓይነት አሠራር አይታሰብም።

ሞርፊን በስልክ አይታዘዝም። ናርኮቲክ፣ ማለትም ሱስ ሊያስይዝ የሚችል መድኃኒት፣ ስለሆነ በልዩ ማዘዣ ወረቀት ነው የሚወጣው። ቤተሰብ መጥቶ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል በስልክ ሊሆን ይችላል። የሞርፊኑ ሽሮፕ በየአራት ሰዓቱ ይወሰዳል፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12፣ ከዚያ ከምሽቱ 4። ሕመምተኛው እንቅልፍ እንዲያገኝ ሐኪሙ የመጨረሻውን መጠን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። መጠኑ በስሪንጅ ስለሚለካ ፋርማሲስቱ አስታማሚዋን በስልክ «እህቴ፣ ስሪንጁን ብርሃን ላይ ያዢውና ስንተኛው መስመር ላይ እንደደረሰ ንገሪኝ» ይላታል። ቤት ውስጥ ባለ ማንኪያ መለካት አደገኛ ነው። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ጥንካሬ ከተቀየረም የሚሊ ሊትሩ ቁጥር አብሮ ይቀየራል። ሞርፊን አብዛኛውን ጊዜ የሆድ ድርቀት ስለሚያስከትል እንደ ቢሳኮዲል ያለ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይሰጣል። ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይተዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ሞርፊን ይጠራቀማል። ሕመምተኛው ሲጠሩት ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ወዲያው ለሐኪም ይነገራል። አረቄ እንዳይቀመስም ሳይታፈር መነገር አለበት።

«ሞርፊን ሞት ያፋጥናል» የሚለው ፍራቻ በልኩ ለተሰጠ መድኃኒት እውነት አይደለም። የጠበሉ ጉዳይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠበል ሲጀምር መድኃኒት የሚያቋርጥ አለ፤ ሁሉም አባቶችም አንድ ዓይነት ምክር አይሰጡም። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ፋርማሲስቱ ቤተሰቡን አስፈቅዶ ለንስሐ አባቱ ቢደውል ብዙ ነገር ይቃናል።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት አልተመለሰም። ስለዚህ በቪዲዮ ብቻ የታቀደ አገልግሎት ጎጃም ላይ አያዛልቅም። ተራ የስልክ ጥሪና የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መካተት አለባቸው።

ሕመምተኛው ካረፈ የተረፈው ሞርፊን ወደ ፋርማሲው መመለስ አለበት። ይህን ለቅሶ ላይ ላለ ቤተሰብ ደውሎ መናገር ይከብዳል። ስለዚህ ገና የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲሰጥ ነው ለቤተሰቡ የሚነገረው።