ከትንሽ አውሮፕላን ላይ ቪዲዮ መቅረጽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መጀመሪያ ከትንሽ አውሮፕላን ላይ የቀረጽኩት ቪዲዮ 40 ደቂቃ ያህል ነበር። ቤት ገብቼ ሳየው ለሰው የሚታይ አንድ ደቂቃ እንኳን አልወጣውም። ካሜራው ደህና ነበር። ሰማዩም ጥርት ያለ ነበር። ጥፋቱ እኔ ይዤው የተሳፈርኩት ግምት ነው። ዛሬ ይሄን ሥራ መሞከር የሚፈልጉ ሰዎች ሲያማክሩኝ ያንኑ ግምት መልሰው ይነግሩኛል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

“ጥሩ ካሜራ ይኑረኝ እንጂ ፓይለቱ ማንም ቢሆን ችግር የለውም”

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። መሬት ላይ ስትቀርጹ ካሜራውን የምታንቀሳቅሱት እናንተ ናችሁ። አየር ላይ ግን የሚያንቀሳቅሰው ፓይለቱ ነው። ወደ ድልድዩ የሚጠጋው፣ ሐይቁን የሚዞረው፣ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ የሚያደርገው እሱ ነው። ምን እንደምትፈልጉ ካላወቀ የምትቀርጹት በመንገዱ ላይ ያጋጠማችሁን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሞተሩ ሳይነሳ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ወረቀት ላይ ሳሉለት። ከየት አቅጣጫ እንመጣለን? ምን ያህል ከፍ ብለን? ስንት ዙር? የሚቀረጸው ነገር በየትኛው ጎን ይሁን?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፤ ግን ብዙዎችን ያሳሳተች እሷ ናት። ፓይለቱ አብዛኛውን ጊዜ በግራ ወንበር ነው የሚቀመጠው። እናንተ ከጎኑ በቀኝ ከተቀመጣችሁ የምትቀርጹት በቀኝ በኩል ነው፤ እሱ ደግሞ ከመቀመጫው ያንን በደንብ አያየውም። እናንተ “ትንሽ ጠጋ በል” ትላላችሁ፣ እሱ በግምት ይዞራል። ከፓይለቱ ጀርባ፣ በግራ በኩል ብትቀመጡ ግን ሁለታችሁም አንድ ነገር እያያችሁ ነው። እኔ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ የፊት ወንበር አልመኝም።

ሌላው የፈቃድ ነገር ነው። በብዙ አገሮች የግል አብራሪ ፈቃድ ብቻ ያለው ፓይለት ለክፍያ መብረር አይፈቀድለትም። ለሥራ የምትቀርጹ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

“ቀስ ብለን ብንበር ምስሉ ይረጋጋል”

ይሄኛው አደገኛ ነው። ትንሽ አውሮፕላን መኪና አይደለም፤ ቀስ የሚለውም እስከ ልኩ ድረስ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ከልክ ሲወርድ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል። ፓይለቶች ይሄንን ስቶል ይሉታል።

ሲዞሩ ደግሞ ልኩ ራሱ ከፍ ይላል። አውሮፕላኑ ከፍታውን ሳይለቅ 45 ዲግሪ አጋድሎ ሲዞር ስቶል የሚያደርግበት ፍጥነት 20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በ60 ዲግሪ ደግሞ 40 በመቶ ገደማ። አሁን አስቡት። ቀረጻው እንዲያምር ፍጥነት ቀንሰናል። ዝቅ ብለናል። አንድ ነገር ዙሪያ እየጠበበ በሚሄድ ክብ እንዞራለን። ፓይለቱም ዓይኑ ከመሣሪያዎቹ ተነቅሎ ወደ ታች ነው። ስቶል የሚመጣው እንዲህ ሲሆን ነው፤ በዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ አውሮፕላኑን መልሶ ለማቅናት የሚበቃ ቦታ የለም። ለዚህ ነው ፓይለቱ ራሱ ካሜራ መያዝ የሌለበት። “ከዚህ በላይ አልዞርም” ካለም ክርክር የለም።

ለነገሩ ምስሉን የሚያስቸኩለው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ርቀቱም ነው። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በሰከንድ 44 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአጠገባችሁ በ300 ሜትር ላይ ያለ ሕንፃ ዥው ብሎ ያልፋል። በ900 ሜትር ላይ ያለው ግን በሦስት እጥፍ ቀስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ረጋ ያለ ምስል ከፈለጋችሁ ራቅ በሉ። ካልሆነም በሰከንድ 50 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀርጻችሁ በ25 አጫውቱት፤ ሁሉም ነገር በግማሽ ይዘገያል፣ መንቀጥቀጡም ይለዝባል።

“ዝቅ ባልን ቁጥር ያምራል”

ዝቅ ማለት የድሮን ሥራ ነው። በብዙ አገሮች ድሮን ከመሬት ከ120 ሜትር በላይ እንዳይወጣ ተወስኗል። አውሮፕላን ደግሞ በዓለም አቀፉ የበረራ ደንብ መሠረት ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ በ600 ሜትር ዙሪያ ካለው ረጅሙ ነገር በላይ ቢያንስ 300 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ከዚያ ውጭ ባለ ቦታ ከመሬት ቢያንስ 150 ሜትር። አገሮች በዚህ ላይ የራሳቸውን ይጨምራሉ። የአውሮፕላን ጉልበቱ ስፋት ላይ ነው፦ አንድን ወንዝ ከምንጩ እስከ መጨረሻው፣ የተራራ ሰንሰለት፣ ሙሉ ከተማ። ባትሪው ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚቆይ ድሮን ይሄን አይሞክረውም።

“ካሜራውን መስኮቱ ላይ ደገፍ ባደርገው አይነቃነቅም”

ተቃራኒው ነው። የሞተሩ ንዝረት በአውሮፕላኑ አካል ሁሉ ይሄዳል። ካሜራው መስኮቱን ወይም በሩን ሲነካ ንዝረቱ በቀጥታ ይገባበታል፤ ምስሉም እንደ ጄሊ ይርገፈገፋል። የተሻለው መደገፊያ የራሳችሁ ሰውነት ነው። ክርናችሁን ከበሩ አላቁ። ጀርባችሁም ቢሆን ወንበሩን ጥብቅ አድርጎ አይደገፍ። ሥጋችን ንዝረት ይውጣል፤ ለዚህ ሥራ ወፈር ማለትም ጥቅም አለው።

መስኮት ከፍታችሁ የምትቀርጹ ከሆነ ደግሞ ሌንሱ ከመስኮቱ መስመር አይውጣ። ውጭ ያለው ንፋስ ከማዕበል አይተናነስም፤ ካሜራ የሚያረጋጋው የእጅ ጊምባል ሞተሮችም አይችሉትም። ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመውን የፀሐይ መከላከያ አስቀድማችሁ አውልቁ። ካሜራውን፣ ስልኩን፣ መነጽሩን፣ ሁሉንም እሰሩ። ከእጃችሁ ያመለጠች አንዲት ክዳን የአውሮፕላኑን ጭራ ልትመታ ትችላለች፤ መሬት ላይ ያለ ሰውም አለ።

“መስኮቱን በደንብ ከወለወልኩት ይበቃል”

የትንንሽ አውሮፕላኖች መስኮት አብዛኛውን ጊዜ መስታወት ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። ይጫጫራል፣ ያንጸባርቃል። ነጸብራቅ ለመቀነስ ሌንስ ላይ የሚገጠመውን የፖላራይዘር ፊልተር ስትጠቀሙ ደግሞ የቀስተ ደመና ዥንጉርጉር ይታይበታል። በመስኮት ውስጥ መቅረጽ ግድ ከሆነ ጥቁር ልብስ ልበሱ፣ ፊልተሩን አውጡ፣ ፎከሱን በእጅ ያዙት። አለበለዚያ ካሜራው ጭረቱን ፎከስ ሊያደርግላችሁ ይችላል።

ክንፉ ከላይ የሆነ አውሮፕላን መምረጥም ይረዳል። ሴስና 172 ለዚህ የሚወደደው በሁለት ምክንያት ነው። ወደ ታች ስታዩ ክንፉ አይጋርዳችሁም። መስኮቱም ማጠፊያው ከላይ ስለሆነ፣ አከፋፈቱን የሚገድበው ዘንግ ሲፈታ ንፋሱ ራሱ ወደ ክንፉ ገፍቶ ይይዘዋል። ግን ይሄን የሚፈታው የተፈቀደለት ሜካኒክ ነው። የበር ማውለቅም እንደዚያው፤ የአውሮፕላኑ መመሪያ ወይም ፈቃድ ሲኖር ብቻ።

“ፕሮፔለሩ ተጣሞ ታየኝ፤ ካሜራዬ ተበላሽቷል”

አልተበላሸም። ብዙ ካሜራዎች አንድን ፍሬም የሚያነቡት በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው። በደቂቃ 2400 ጊዜ የሚዞር ፕሮፔለር በሰከንድ 40 ዙር ይሄዳል። ካሜራው አንብቦ እስኪጨርስ ምላጩ ቦታ ቀይሯል፤ ስለዚህ ሙዝ መስሎ ይወጣል። የሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት ሲቀንስ፣ ለምሳሌ 1/50 ሰከንድ ሲሆን፣ ፕሮፔለሩ ደብዝዞ ይጠፋል። በደማቅ ብርሃን ይሄን ለማድረግ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ፕሮፔለሩን ከፍሬሙ ማስወጣት ነው።

“እኩለ ቀን ብርሃን ስላለ ጥሩ ነው”

ጥላ ይጠፋል፣ ተራራው እንደ ወረቀት ይተኛል። የሞቀው መሬት አየሩን ሽቅብ ስለሚገፋው አውሮፕላኑም ይዘላል። በጠዋት ውጡ።

“እኔን አያጥወለውለኝም፤ በመኪናም አያመኝም”

በመኪና በመስኮት ውጭ ታያላችሁ። እዚህ ግን ዓይናችሁ ትንሽ ስክሪን ላይ ተተክሏል፣ ጆሮአችሁ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ደግሞ መዞሩን ይሰማል። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሆድ ይገለበጣል። በየመሃሉ ቀና ብላችሁ አድማሱን እዩ። ሲጀማምራችሁ ለፓይለቱ ንገሩት፤ ቀጥ አድርጎ ይበርላችኋል። ባዶ ላስቲክም ኪስ ውስጥ አይጥፋ።

ያ የመጀመሪያው 40 ደቂቃ ቪዲዮዬ አሁንም አለኝ። የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ካሜራውን ማጥፋት ረስቼ የቀረጽኩት የራሴ ጫማ ነው።