መጀመሪያ ችግሩ፣ ፎርሙላው ቀጥሎ፦ ሂሳብ ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች

ችግር ተኮር ትምህርት የሚባለው ተማሪው ፎርሙላውን ከመማሩ በፊት ችግሩን የሚጋፈጥበት አካሄድ ነው። ይሞክራል፣ የት ላይ እንደሚያቅተው ያያል፣ ከዚያ የጎደለውን ሊማር ይሄዳል። የተጀመረው ሕክምና ላይ ነው፤ ካናዳ ባለው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.)። በ1976 የተመሠረተው የኔዘርላንዱ ማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ግን ኢኮኖሚክስንም በዚሁ መንገድ ያስተምራል። ክፍሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ውይይቱን ተማሪው ራሱ ይመራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ መምህሩ አጠገባቸው ሆኖ ይከታተላል።

ሂሳብ ላይ ምን ይመስላል? እንዲህ ያለ ችግር ውሰዱ። አንድ ዕቃ በነፃ ቢሰጥ 100 ይወሰዳል፤ ዋጋው 1 ዩሮ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የሚሸጠው በ2 ይቀንሳል። አንዱን ማምረት 10 ዩሮ ይፈጃል፣ ሻጩም አንድ ብቻ ነው። መንግሥት በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ 10 ዩሮ ታክስ ቢጥልበት ዋጋው በስንት ይጨምራል? መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው መልስ «በ10» ነው። ሲሠራ ግን ለሻጩ የሚያዋጣው ዋጋ ከ30 ወደ 35 ብቻ ነው የሚሄደው፤ ትርፉም ከ800 ወደ 450 ይወርዳል። 35ን በሠንጠረዥ እየሞከሩ ማግኘት ይቻላል። ታክሱ 4 ወይም 16 ቢሆንም ለምን ሁሌ ግማሹ ብቻ ወደ ገዢው እንደሚተላለፍ ለማስረዳት ግን ሠንጠረዥ አይበቃም፣ ዴሪቬቲቭ (አንድ ነገር ትንሽ ሲለወጥ ሌላው በምን ያህል እንደሚለወጥ የሚለካው የሂሳብ መሣሪያ) የግድ ይመጣል። እኔ የዚህን አካሄድ ጥቅም የማየው እዚህ ጋ ነው፤ ተማሪው ዴሪቬቲቩን የሚፈልገው ሥራ ስላለው ነው።

ብቻውን ግን አይበቃም። ሂሳብ ተደራራቢ ነው፤ አልጀብራው የላላ ተማሪ ውይይቱ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ አንዱ ጎበዝ ይሠራዋል፣ ሌላው ይገለብጣል። ስለዚህ ከቡድን ሥራው ጎን ለብቻ የሚሠራ ብዙ መልመጃ መኖር አለበት። ማስትሪክት ከተለያየ አገር፣ የተለያየ የሂሳብ መሠረት ይዞ የሚመጣ ተማሪ ስለሚበዛበት ይህ ጉዳይ እዚያ ይብሳል።

እኛ ጋ ካልኩለስ ለኢኮኖሚክስ ተማሪ የሚሰጠው በአብዛኛው በሌክቸርና በወርክሺት ነው፤ ክፍሉም ብዙ ጊዜ ትልቅ ነው። ሁሉንም መቀየር አያስፈልግም፣ የቱቶሪያል ሰዓቱን በእንዲህ ያለ ችግር መጀመር ይቻላል። ፈተናውም አብሮ መቀየር አለበት፤ ፎርሙላ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ተማሪው ውይይቱን ትቶ የዓምናውን ፈተና ይሸመድዳል።